አክስቴ የናይናይን ሩዝ የበላች ቀን

ተቀበሉኝ! ሲልቨር ስፕሪንግ ካለው ቤተ መጻሕፍት ዛሬ ከሰዓት በኋላ ደወሉልኝ። ሜትሮ ውስጥ ነበርኩ፣ ሰው ሁሉ ዞሮ እስኪያየኝ ጮህኩ። ከሌላ አገር የመጣን ተማሪዎች ያደግንበትን አካባቢ የምናስተዋውቅበት የቅዳሜ ዝግጅት አላቸው። የላክሁላቸውን ጽሑፍ አንብበው ሙሉ ጠረጴዛ ሰጡኝ። ጥግ አይደለም፣ ሙሉ! ጠረጴዛው ላይ የሚቆመው ካርቶን «ዪዉ፣ ዠጂያንግ፣ ቻይና» ይላል፤ ከሥሩ የእኔ የሐበሻ ስም ይጻፋል። የደወለችልኝ ሴትዮ «አንቺ ግን ኢትዮጵያዊት አይደለሽ?» አላለችኝም። የጠየቀችኝ ነገር ቢኖር ምግብ የማሞቅበት ሶኬት ያስፈልገኝ እንደሆነ ነው።

ይኼ ለምን እንዲህ እንዳስጮኸኝ ለማስረዳት ያለፈውን ዓመት ማውራት አለብኝ። ያለፈው ዓመት ደግሞ ደስ አይልም።

ዪዉን የሐበሻ ነጋዴ ሁሉ ያውቃታል። መርካቶ ያለው የፀጉር ማስያዣ፣ የፕላስቲክ አበባ፣ የልደት ፊኛ ከዚያ ይጫናል። አባቴና እናቴ እዚያ የካርጎ ሥራ አላቸው። ከአዲስ አበባ የሚመጣውን ነጋዴ ገበያ ለገበያ ያዞራሉ፣ የገዛውን ያሽጋሉ፣ ኮንቴይነር ላይ ይጭናሉ። እኔ እዚያ የደረስኩት በእናቴ ጀርባ ታዝዬ ነው። ሁለቱም ጠዋት ወጥተው ሲመሽ ስለሚገቡ ያሳደገችኝ ከእኛ በታች ምድር ቤት የምትኖረው የቤቱ ባለቤት ናት። ናይናይ እላት ነበር፤ አያቴ ማለት ነው። ፀጉሬን ማበጠር የተማረችው እያስለቀሰችኝ ነው፤ ኋላ ላይ ግን ሹሩባ ከእናቴ የተሻለ ትሠራ ነበር።

ነጋዴዎቹ ስለ ዪዉ የሚያወሩት ስለ ዋጋ ብቻ ነው። እኔ የማውቃት ዪዉ ሌላ ናት። ብርዱ ሲገባ ሸንኮራ አገዳ ይቆረጥና መንደሮቹ ውስጥ ስኳር ይፈላል። ትልልቅ ብረት ድስቶች በሰልፍ ይጣዳሉ፤ ጭማቂው ከአንዱ ወደ ሌላው እየተጨለፈ መጨረሻው ድስት ጋ ሲደርስ ጠቁሮ ይወፍራል። ቀይ ስኳር ይሉታል። ናይናይ በቾፕስቲክ ጠቅልላ አፌ ላይ ስታደርግልኝ ምላሴ ይቃጠል ነበር፤ ግን ማን ይተፋዋል! አባቷ ያንን ስኳር በሁለት ቅርጫት ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ፣ እጀታ ያላት ትንሽ ከበሮ እያንቀጫቀጨ በየመንደሩ ይዞር ነበር። ለሰው ስኳር ይሰጣል፣ በምትኩ የዶሮ ላባ ይቀበላል። ላባው ለማዳበሪያና ለአቧራ መጥረጊያ ይሆናል። «ይኼ ሁሉ ፎቅ፣ ይኼ ሁሉ ገበያ፣» ትለኝ ነበር፣ «ከዶሮ ላባ ነው የተነሣው። አባትሽም የሚበላው የአባቴን ላባ ነው።» አባቴ ይስቅ ነበር።

የሙታን ገበታም ነበራት። በዓመት ጥቂት ጊዜ ለሞቱባት ሰዎች ጠረጴዛ ትዘረጋለች። ሩዙ በየሳህኑ፣ ቾፕስቲኩ በየቦታው፣ ቢጫው የሩዝ ጠጅ በትንንሽ ሲኒ። በሩን ወለል አድርጋ ትከፍትና «ግቡ፣ ብሉ» ብላ ትጠራቸዋለች። ሻማው እስኪያልቅ አግዳሚው ወንበር አይነካም፣ ምክንያቱም ተቀምጠውበታል። እኔ አንድ ጊዜ በጉልበቴ ገጨሁትና «ይቅርታ በይ፣ አጎቴን አስደነገጥሽው» አለችኝ። ይቅርታ አልኩ። አባቴም ኮፍያውን አውልቆ፣ እጁን አጣምሮ ከበሩ አጠገብ ይቆም ነበር። ሻማው ሲያልቅ ሁላችንም ያንኑ ምግብ አሙቀን እንበላለን።

ከዚያ ወደዚህ፣ ወደ አሜሪካ፣ ላኩኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚገኝ ትንሽ የግል ትምህርት ቤት ስኮላርሺፕ ሰጠኝ፤ የምኖረው ግን አሌክሳንድሪያ፣ የአባቴ ታላቅ እህት ቤት ነው። ቤተሰቡ ሁሉ እታለም ይላታል። ሆቴል ፓርኪንግ ውስጥ ካሸር ናት፣ ቀኑን ሙሉ ያቺ የመስታወት ሳጥን ውስጥ ትውላለች። የኔ እኩያ፣ እዚሁ የተወለደች ልጅ አላት። ከእኔ ጋር አንድ ክፍል ነው የምትተኛው። ገና በመጀመሪያው ሳምንት ቾፕስቲኬን አይታ «ሜድ ኢን ቻይና» የሚል ስም አወጣችልኝ። ቤተ ክርስቲያን ያሉት ልጆችም ወዲያው ያዙት። «ቻይና፣ ቶሎ እንዳትሰበሪ!» ይሉኛል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ምን ላድርግ?

ናይናይ በብርዱ ወራት ሞተች። የሰማሁት ከተቀበረች በኋላ ነው፤ እናቴ በቮይስ ሜሴጅ «ፈተና ላይ ስለሆንሽ ብለን ነው» አለችኝ። ወጥ ቤት ሄጄ ለእታለም ነገርኳት።

«ነፍስ ይማር» አለች። ዞር ብላም «ክርስቲያን ነበረች?» አለችኝ።

«አይ።»

ቧንቧውን ከፍታ ዕቃ ማጠቧን ቀጠለች። የናይናይ ለቅሶ ይኸው ነው።

ብርዱ ሲያልፍ ትምህርት ቤታችን የየአገሩ ባህል የሚታይበት ምሽት አዘጋጀ። ናይናይ አገር የሟች መቃብር የሚጎበኝበት ጊዜ ነበር፤ እሷ ከሞተች ደግሞ የመጀመሪያው። ስለዚህ ዪዉን ላስተዋውቅ ብዬ ተመዘገብኩ። ሰው የገበያውን ዕቃ ሳይሆን እሷን እንዲያውቅ ፈልጌ ነበር፤ በሕይወቴ እንደዚያ የፈለግሁት ነገር የለም። ኃላፊዋ አስተማሪ ፈገግ ብላ «የኔ ማር፣ አንቺን እኮ ኢትዮጵያ ጠረጴዛ ላይ ነው የምንፈልግሽ። ቀሚሱም አለሽ» አለችኝ።

«ያደግሁት ዪዉ ነው» አልኳት።

«ገባኝ፣ ግን ሰው ግራ ይጋባል።»

ለምኜ ለምኜ የኢትዮጵያ ጠረጴዛ መጨረሻ ላይ ጥግ ሰጠችኝ። እዚያ ጥግ ላይ ቀይ ስኳር አደረግሁ፣ ፎቶዎች ደረደርኩ። ከፊቱ አንድ ወንበር አኖርኩ፤ ከወንበሩ ፊት የናይናይን ሳህን አስቀመጥኩ። ሩዝ፣ ከላዩ የተጠበሰ የአኩሪ አተር ቶፉና የቀርከሃ ቡቃያ። እሷ ብትሆን የአሳማ ሥጋ ታደርግበት ነበር፤ አሳማ ግን እታለም ወጥ ቤት አይገባም። በጠጅ ፋንታ ሻይ ቀዳሁ። አጠገቡ ለቆመችው የአክስቴ ልጅ «እዚህ ወንበር ላይ ማንም አይቀመጥም፣ እሺ?» አልኳት። ስልኳን እያየች «ኦኬ ኦኬ» አለች። እኔ ስለ ዪዉ የምናገርበት ተራ እስኪደርስ ማይክሮፎን ላመጣ ሄድኩ።

ሁዳዴ ነበር። እታለም ከሥራ በቀጥታ መጣች፤ ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመሰችም፣ እግሯም አብጧል። አዳራሹ ውስጥ ሰው ሁሉ ቆሟል፤ ባዶ የነበረው ወንበር አንድ ብቻ ነው። ሳህኑን አየች። በኋላ እንደሰማሁት ልጇን የጠየቀቻት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው።

«የጾም ነው?»

«የስ ማሚ፣ ቪጋን ነው።»

በቃ። የጾም ከሆነ ይበላል። አማተበች፣ ተቀመጠች፣ በላች።

ማይክሮፎኑን ይዤ ስመለስ ሳህኑ ሊያልቅ ነበር። አንዲት ቻይናዊት እናት ከጀርባዬ ትንፋሿን ስትስብ ሰማሁ፤ ገብቷታል። እታለም ቀና ብላ «አንቺ፣ ይኼ ነገር ጥሩ ነው እኮ! ጨው ብቻ ያንሰዋል» አለችኝ።

«እታለም፣ ተነሺ።»

«ምን ሆንሽ?»

«ተነሺ በናትሽ። የናይናይ ነው።»

«የማን?»

«የሞተችው። ለሷ ነው ያስቀመጥኩት።»

ፊቷ ሲለወጥ አየሁት። «በስመ አብ ወወልድ» ብላ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍታ ተነሣች፤ ወንበሩ ወደቀ። አፏን በነጠላዋ ይዛ ወደ መታጠቢያ ቤት ሮጠች። አስተማሪዋ መጥታ ወንበሩን አነሣችና «ግራ ይጋባል ብዬሽ ነበር» አለችኝ። ተራዬ ሲደርስ ስሜን አልጠሩትም። እኔም አልጠየቅሁም።

መኪና ውስጥ እስከ አሌክሳንድሪያ እታለም አለቀሰች።

«በሁዳዴ! ለጣዖት የቀረበ አበላሽኝ!»

«ጣዖት አይደለችም። ሰው ናት።»

«ከሙታን ጋር ማዕድ አስቆረስሽኝ!»

«አንቺስ ለእናትሽ ተዝካር ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት አልደገስሽም? ሳህን ያዞርኩት እኔ አይደለሁም?»

«ዝም በይ! ያንን ከዚህ ጋር ታነጻጽሪያለሽ? ቻይና ነው ያሳደገሽ፣ አይፈረድብሽም።»

የአክስቴ ልጅ ከኋላ ወንበር «ማሚ፣ ራይስ ብቻ ነው እኮ» አለች። ሩዝ ብቻ አልነበረም፤ በእሱ ብቻ እኔና እታለም ተስማምተናል።

እሑድ እታለም ጸበል ጠጣች፣ ለንስሐ አባቷ ተናገረች፣ ስግደት ተሰጣት። ሳሎን ውስጥ ስትሰግድ ጉልበቷ ሲንቋቋ ክፍሌ ሆኜ እሰማ ነበር። አሳዘነችኝ። ተናደድኩባትም።

ለአባቴ የደወለችው ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋ፣ እኔን አስቀምጣ ነው። ከበስተጀርባው ካርቶን የሚታሸግበት የፕላስተር ድምፅ ይሰማል።

«እትዬ፣ ይቅርታ አድርጊላት፣ ልጅ ናት» አላት።

«አንተ ቤት ነው የተማረችው?»

«ኧረ እኔ የለሁበትም። አከራያችን የነበረች አሮጊት ናት፣ ዝም ብለን እናያት ነበር።»

«አባዬ፣» አልኩት፣ «አንተ ኮፍያህን አውልቀህ ትቆም አልነበር?»

ፕላስተሩ ቆመ። «ተይ እንግዲህ፣» አለኝ። «ከሰው ጋር ለመኖር ሰው ብዙ ነገር ያደርጋል። አንቺ ሐበሻ ነሽ። ትምህርትሽን ተማሪ።»

እታለም የምትለውን ችዬው ነበር፤ እሷ ናይናይን አታውቃትም። አባቴ ግን ያውቃታል። ነጋዴ ገንዘቡን በልቶበት ሲጠፋ የቤት ኪራይ ሳትጠይቀው ከርማለች። ታምሞ ሲተኛ ዝንጅብል በቀይ ስኳር አፍልታ ደረጃውን እየተንፏቀቀች ይዛለት ወጥታለች። ያችን ሴትዮ ነው «አከራያችን» ያለው። የዪዉን ዕቃ ሁላችንም እንፈልገዋለን፤ እሷን ግን ለአንድ ምሽት ለአንድ ወንበር ያህል የሚፈልጋት ጠፋ።

ከዚያ በኋላ ነው መጻፍ የጀመርኩት። በአማርኛ መጻፍ ያስተማረኝ ያው አባቴ ነው፣ ዪዉ፣ የካርቶን ቁራጭ ላይ። መጀመሪያ የጻፍኩት ስድብ ብቻ ነበር፤ ቀደድኩት። ቀጥሎ ስለ ስኳሩ ጻፍኩ። ከዚያ ስለ ዝንጅብሉ፣ ስለ ላባው፣ ስለ ሹሩባው። ወደ እንግሊዝኛ መልሼ ለቤተ መጻሕፍቱ የላክሁት እሱን ነው፤ እነሱም አነበቡት፣ ወደዱት!

ዛሬ ስገባ እታለም ከሥራ መጥታ እግሯን ሙቅ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፋለች። ለእያንዳንዱ ተማሪ ከፊት የሚቀመጥ አንድ እንግዳ ተፈቅዷል። ወለሉ ላይ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«እታለም፣ እንግዳዬ ሆነሽ ትመጫለሽ?»

«ምን አለ?»

ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። «ጎበዝ» አለች፤ ከልቧ ነው ያለችው።

ከዚያ «ያቺ ሳህን ትኖራለች?» ብላ ጠየቀች።

መዋሸት እችል ነበር። «ትኖራለች።»

«እንግዲያው እኔ አልኖርም።»

«አትብዪ ብቻ። ቁጭ ብለሽ ስሚኝ።»

«ልጄ፣ ሂጂ፣ አልከለክልሽም። እኔን ግን አትጥሪኝ።» ውኃው ቀዝቅዞ ነበር። ፎጣውን አቀበልኳት፣ እግሯን አደረቀች፣ ከዚያ በኋላ ስለ ሌላ ነገር አወራን።

ስለዚህ የእታለም ቦታ ክፍት ነው፤ ለእናንተ ሰጥቻችኋለሁ። የሚመጣው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤተ መጻሕፍት፣ የታችኛው አዳራሽ። መግቢያ በነጻ ነው። ቀድሞ የደረሰ ከፊት ይቀመጣል፣ የቀራችሁት ከኋላ ቁሙ፣ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ። የዝንጅብል ሻይ በቀይ ስኳር አፈላለሁ፤ የጾም ነው፣ እሱን በነፃነት ጠጡ። ስለ ዪዉ ዋጋ የሚጠይቅ ካለ አባቴ ጋ ይደውል። ስለ ናይናይ መስማት የሚፈልግ ካለ ግን ይምጣ፤ ልጆቻችሁንም አምጧቸው።