መርዶ ይዤ ግንብ ላይ የዋልኩበት ቀን

ዘመኑ በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አሥራ አምስት ነው፤ እኔ ስልሳ ዘጠኝ ዓመቴ። የተማርኩት መሠረተ ትምህርት ነው። ፊደል ከመቁጠር ብዙም አላለፍኩም፤ ስለዚህ እንደማወራው ነው የምጽፈው። ያልጣመው ይተወው።

ሥራዬ ሎስ አንጀለስ፣ ሚራክል ማይል ከሚሉት ሰፈር ጀርባ ባለ ፓርኪንግ ሎት የሰው መኪና ፓርክ ማድረግ ነበር፤ ጉልበቴ እምቢ ሲል ተውኩት። ከዚያ ወዲህ ውሎዬ ፌርፋክስ ላይ፣ አንድ የሀበሻ ምግብ ቤት ውስጥ ሆነ። ታናሽ እህቴ እኔ ቤት ነው የምትኖረው። ግሌንዴል እየሄደች የፈረንጅ ሽማግሌዎች ታጥባለች፣ ታበላለች። ያላት አንድ ልጅ ብቻ ነው። አገር ቤት ቀርቶ ነበር፤ ወረቀቱ ዛሬ ያልቃል ነገ ያልቃል ስንለው መጠበቁ ሰለቸውና በሱዳን አድርጎ ሊቢያ ገባ። ከሊቢያ ደወለ። ነገ ባሕሩን እንሻገራለን አላት። ከዚያ ዝም አለ።

ዝም ካለ በኋላ ስልክ የመጣው ለእኔ ነው። ልጁ ጀልባ ላይ ከመውጣቱ በፊት የሆነ ነገር ከሆንኩ ለእናቴ አትደውሉ፣ ለአጎቴ ደውሉ ብሎ የእኔን ቁጥር ለጓደኛው ሰጥቶት ኖሯል። ጓደኛው ተረፈ። ቁጥሩን ለአንዲት የአገራችን ሴት ሰጣት፤ ከጣልያን ደሴቶች አንዷ ላይ ብዙ ዓመት የኖረች፣ ከባሕር ለሚወጡ ስደተኞች የምታስተረጉም። እሷ ናት የደወለችልኝ። ጀልባው ተገልብጧል፤ የእህቴ ልጅ ሬሳው ወጥቶ እዚያው ከተማ ተቀብሯል አለችኝ። ፎቶውን ላከችልኝ። እሱ ነው።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር የታወቀ ነው። ጎሕ ሲቀድ፣ እህል ሳትቀምስ፣ ዘመድ ወዳጅ በሯ ላይ ተሰብስቦ ነው። ለብቻዋ አይነገራትም፤ ስትወድቅ የሚይዛት ሰው መኖር አለበት። አገር ቤት ይኼ አያስቸግርም፤ ጎረቤት ሞልቷል። ሎስ አንጀለስ ግን ሰው ሁሉ ሺፍት አለው። አንዱ ታክሲውን ይዞ ኤርፖርት ያድራል፣ አንዷ ሆስፒታል ታነጋለች። ሶ፣ መርዶም ቢሆን የቅዳሜ ቀጠሮ ይያዝለታል። እኔና የሰፈሩ ሀበሻ ሽማግሌዎች ምግብ ቤቱ ጓዳ ተቀምጠን ለቅዳሜ ቆረጥን። ቅዳሜ ሲደርስ ከሲያትል የሚመጣው የአክስታችን ልጅ ፈቃድ አላገኘም፤ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ተገፋ።

ፌርፋክስ የእኛ የምንላት አንድ ብሎክ ናት። በሁለት ቀን ውስጥ ከእሷ በቀር ያልሰማ የለም። ማንም ግን ትንፍሽ አላለም፤ ወጉ ነውና። በዚህ መሐል እህቴ የተረፉት ልጆች እዚያች ደሴት ማቆያ ውስጥ አሉ ሲባል ከአንድ ሰው ሰማች። ስልኩን ቀምተውት ነው እንጂ ደህና ነው አለች፤ አመነች። አለቃዋን አስፈቀደች፣ ቲኬት ቆረጠች። በረራዋ ሐሙስ፣ መርዶው ቅዳሜ።

ሮብ ዕለት እህቴ፣ ልጇ ጉስቁል ብላ መጣች እንዳይላት፣ ሹሩባ ልትሠራ ሄደች። ፀጉር ሠሪዋ ታውቃለች። ከኋላ መቆሟ በጃት፤ እንባዋ አልታየባትም። ቅመም የምትሸጠዋ ሴት ደግሞ ለልጁ በሶና ቆሎ ቋጥራ ሰጠቻት፤ አይኗን ወደ መደርደሪያው አድርጋ።

ያን ቀን ጓዳው ውስጥ ተጯጯህን። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ታክሲ ነጂ የነበረ የድሮ ጓደኛዬ ነው፣ ዛሬውኑ ይነገራት አለ። በምሽት እንዴት ተብሎ አሉት። እንግዲያው ነገ ኤርፖርት ላይ አለ።

«ኤርፖርት ላይ?» አልኩት። «ጫማዋን ሳያስወልቋት ነው ካስወለቋት በኋላ?»

«አንተ ሰውዬ፣ ቀልዱን ተው። እዚያ ባዕድ አገር ማን አላት? ስትወድቅ ማን ያነሳታል?»

«እኔ እሄዳለሁ።»

«አንተን ራስህን ማን ያነሳሃል?»

እኔ ግን አንዴ ከተናገርኩ ወደ ኋላ አልልም፤ አብሬያት ተነሳሁ። መቃብሩን ሳታይ ብትሰማ ዕድሜ ልኳን አታምንም የሚለውም በልቤ ነበር። እሷ እንኳ አብሬያት በመሄዴ ደስ ብሏት መንገዱን ሁሉ ትመርቀኝ ነበር። እያንዳንዱ ምርቃት እንደ ድንጋይ ነበር የሚያርፍብኝ።

ደሴቲቱ የደረስነው እሑድ ጠዋት በመርከብ ነው፤ ፀሐይ ወጥታለች። አስተርጓሚዋ ወደብ ላይ ጠበቀችን። አርባዎቹን የጨረሰች ቀጭን ሴት ናት። እህቴን አቅፋ ስትስማት ከትከሻዋ በላይ ወደ እኔ አየች፤ አልተነገራትም ማለቴን ከፊቴ አነበበች። ጎሕ አልፏል። እስከ ነገ ጎሕ ድረስ ቀኑን እንዴትም ብለን መግፋት ነበረብን።

እህቴ ሻንጣዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ማቆያው የቱ ጋ ነው አለች። አስተርጓሚዋ እሑድ ጠያቂ አያስገቡም፣ ነገ ነው አለቻት። ቤቷ ወሰደችን፤ ፎቅ ላይ ነው፣ አንድ መኝታ ክፍልና አንድ ሳሎን። እህቴ መቀመጥ አልቻለችም። ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት። ከተማ እንዳናወጣት ደግሞ ቀብሩን ያላየ የከተማ ሰው የለም፤ አንዱ ሀበሻ ሴት ሲያይ ቢያለቅስባትስ? አስተርጓሚዋ ኩሽና ጠርታኝ ከተራራው ላይ ያለው ግንብ ይሻላል፣ ከቱሪስት በቀር የሚወጣበት የለም አለችኝ። ኦኬ አልኩ።

የግንቡ መንገድ ደረጃ ብቻ ነው። ቤቶቹ ግራና ቀኝ ተጠጋግተዋል፤ የታጠበ ልብስ ከራሳችን በላይ ተሰጥቷል። ሰማዩ አመድ መስሏል። ጉልበቴ እየጮኸ ወጣሁ። እህቴ ቀድማን ትወጣለች፤ ቦርሳዋን ላግዝሽ ብላት እምቢ አለች። የልጇ ጃኬት አለበት።

በሩ ላይ አንድ ነጭ ጢም ያለው ሽማግሌ ቲኬት ይቆርጣል። እህቴን አያት። ነጠላዋን አየ፣ ፊቷን አየ። ተነሳና ቆቡን አወለቀ። እጇን በሁለት እጁ ይዞ በጣልያንኛ ይናገር ጀመር፤ አይኑ እንባ ሞልቷል። ከሰው ሸሽተን የመጣነው ወደ ሰውዬው ኖሯል።

«ምን ይላል?» አለች እህቴ።

አስተርጓሚዋ ጣልያንኛውም አማርኛውም ጠፋባት። እኔ ጣልያንኛ አንድ ቃል አላውቅም፤ ምን እንደሚል ማወቅ ግን አልቸገረኝም።

«እንኳን ደህና መጣሽ ነው የሚልሽ» አልኳት።

«ታዲያ ምን ያስለቅሰዋል?»

«አይኑን ነው። ነፋስ ላይ ሲውል።»

እህቴ አዘነችለት። ቦርሳዋን ከፍታ ለልጇ ከያዘችው ቆሎ አንድ እፍኝ ዘግና እጁ ላይ አደረገችለት። ሽማግሌው ቆሎውን አየ፣ እኔን አየ። ራሴን ነቀነቅሁ። አንዷን ፍሬ አንስቶ አፉ ውስጥ አደረገና ማኘክ አቃተው።

ገባን። ግንቡ ትልቅ ነው፤ ግድግዳው አልጋ ያስዘረጋል። አስተርጓሚዋ ዝም እንዳንል ብላ ታስረዳን ጀመር። ድሮ ነገሥታቱ ያሠሩት የባሕር ወንበዴ እንዳይገባ ነው አለች፤ ጀልባ ገና ከሩቅ እንዲታይ። መድፎቹ ዝገው አፋቸውን ወደ ባሕሩ እንዳደረጉ ቀርተዋል። የእስረኞች ክፍል የነበረውንም አሳየችን፤ ጨለማ ነው፣ ሽታው የጉድጓድ። እኔ ቱሪስቱ ይኼን ለማየት ገንዘብ ከፍሎ የሚመጣው ምን ሆኖ ነው እያልኩ ነበር።

እህቴ ከሁሉም አንድ ነገር ብቻ ነው የሰማችው። ጀልባ ከዚህ ከታየ ልጄንም አይተውታል አለች። ግድግዳው ጫፍ ላይ ሄዳ ቆመች። ታች ወደቡ አለ፤ ከወደቡ ወዲያ ባሕር ብቻ ነው፣ መጨረሻ የለውም። ነፋሱ ነጠላዋን ይጎትታል።

«ጋሼ፣ ይኼን ሁሉ ውሃ ነው የተሻገረው?»

«አዎ።»

«ጎበዝ ነው» አለች። «እኔ ግሌንዴል ለመሄድ አውቶቡስ መቀየር ፈርቼ ያለቀስኩ ሴት። ይኼን ጀግንነት ከማን ወሰደው ይላሉ?»

ከማን ልበላት? ባሕሩን አየሁ። መድፍ ቢኖረኝ እተኩስበት ነበር።

ዞር ስል አስተርጓሚዋ እጅጌዬን ሳብ አደረገችኝ። ከግንቡ በስተጎን፣ ተራራው ሥር፣ በግንብ የታጠረ መቃብር አለ። ጥግ ላይ አፈሩ ገና ቀይ ነው፤ የእንጨት መስቀሎች ተሰልፈዋል። እህቴ ወደዚያው እየመጣች ነው። ሄጄ ፊት ለፊቷ ቆምኩ። በግራ ልትዞር ስትል በግራ፣ በቀኝ ስትል በቀኝ። ወፍራም መሆኔ የጠቀመኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ምን ሆነዋል አለችኝ። ጉልበቴ ነው፣ ያዢኝ አልኳት፤ ደግፋ ወደ ውስጥ መለሰችኝ።

ግንቡ መሐል ትንሽ የካቶሊክ ጸሎት ቤት አለች። እህቴ የማርያምን ሥዕል ስታይ ልግባ አለች፤ ብቻዬን ተዉኝ፣ ልጄን ስላወጣችልኝ ላመስግናት። በሩን ዘጋሁላትና ከአስተርጓሚዋ ጋር ወደ ሽማግሌው ወረድኩ።

ሽማግሌው ገና ስንደርስ ይቅርታ ይል ጀመር። እናትየዋ ገና እንዳልተነገራት ገብቶታል። የቀብሩን ቀን ነገረኝ፤ አስተርጓሚዋ በቀስታ ታቀብለኛለች። ከተማው ሱቁን ዘግቶ ወጥቷል። ሳጥኖቹን የተሸከሙት የከተማው ወንዶች ናቸው፤ እሱም አንዱን ተሸክሟል። የማን እንደነበር አያውቅም። ሚስቱ ከጓሮዋ አበባ ቆርጣ ለሁሉም አዳርሳለች። ሴቶቹ ስሙን ለማያውቁት ሰው አልቅሰዋል። ያን ስሰማ፣ ስልኩ ከተደወለ ጀምሮ እንባ ያልወጣኝ ሰውዬ፣ የቲኬቱ ሳጥን ላይ ተደግፌ አለቀስኩ። ቱሪስቶቹ ቲኬታቸውን ሳይቆርጡ በጎን አለፉን።

ከዚያ ጠየቅኩት። ነገ ጠዋት ሳይነጋ እንዲመጣ፣ ሚስቱንም እንዲያመጣ። ለምን ሳይነጋ አለ። እኛ ዘንድ እንዲያ ነው አልኩት፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። እዚህ ሰው የላትም፣ እኔ አርጅቻለሁ፣ ብትወድቅ አልችላትም አልኩት። ሽማግሌው አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

«ስንት ሰው ያስፈልጋል ነው የሚልዎት፣ ጋሼ።»

«የቻለውን ያህል በይው።»

እህቴን ልናወጣት ስንመለስ ጸሎቷን ጨርሳ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ነበር። አይኔን አየችው፤ ቀልቷል። ነፋስ ነው እንዳልላት ያንን ምክንያት ጠዋት ጨርሼዋለሁ።

«ልጄን ሳላየው ይኼን ድንጋይ ለምን አሳያችሁኝ?»

«ነገ» አልኳት።

«ነገ መቼ?»

«ጠዋት።»

ትክ ብላ አየችኝ። ቦርሳዋን ያዘችና ተነሳች። ስንወርድ ከኋላ ነበረች፤ ስትወጣ የነበረው ጉልበት የለም። ራት ሲቀርብ ጠገብኩ አለች፤ ምንም ሳትቀምስ። ጫማዋን ብቻ አውልቃ፣ ልብሷን እንደለበሰች መኝታ ቤት ገባችና በሩን ዘጋች። ታውቅ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ ተነሳሁ። ፊቴን ታጠብኩ፤ ኮቴን ለበስኩ። ጠረጴዛውን ወደ ጥግ ገፋሁ፤ ብርጭቆውንና ቢላዋውን ሁሉ ሰብስቤ ኩሽና ቆለፍኩበት፤ ወለሉ ላይ ፍራሽ አነጠፍኩ። አስተርጓሚዋ የታችኛውን በር ከፈተች። ሽማግሌው ቆቡን በእጁ ይዞ ገባ፤ ከኋላው ሚስቱ፤ ከኋላዋ ጥቁር የለበሱ ሴቶች፣ ጎረምሶች፣ አንድ ቄስ፤ ሳሎኑ ሞልቶ ደረጃው ላይ የቆሙም ነበሩ። የሽማግሌውን ሚስት ክንዷን ይዤ መኝታ ቤቱ በር ጎን አቆምኳት፤ ትልልቅ እጆች አሏት። እህቴን እንዴት እንደምትይዛት በእጄ አሳየኋት፤ ራሷን ነቅንቃ እሺ አለችኝ። መስኮቱ ሲገረጣ አንኳኳሁና እህቴን በስሟ ጠራኋት።