ካስማ የማይተከልበት ሳር

አንዳርጋቸውን ሰው ሁሉ የሚያውቀው በውሃ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት መራዊ ላይ በመስኖ ሥራ ኖሯል፤ የማን ማሳ መቼ ውሃ እንደሚደርሰው፣ የትኛው ቦይ በደለል እንደተሞላ፣ የትኛው ገበሬ ጎረቤቱ ሲተኛ ውሃ እንደሚጠልፍ በቃሉ ያውቃል። ጡረታ ሲወጣ ከሚስቱ ከኢትዮጵያ ጋር ባሕር ዳር ገባ። ቤታቸው ከእኔ ግቢ ጋር በአንድ አጥር ይገናኛል፤ ጣናም ከዚያ ሩቅ አይደለም። እግዜር ልጅ አልሰጣቸውም። እኔ ሀብተ ሥላሴ እባላለሁ፤ የሰፈሩ እድር ዳኛ ነኝ። ድንኳኑም፣ ወንበሩም፣ ድስቱም በእኔ እጅ ስለሆነ ማን በጠና እንደታመመ ከሐኪም ቀጥሎ የምሰማው እኔ ነኝ። ደስ የሚል ሹመት አይደለም።

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ኢትዮጵያ ሆዷን አመማት። ምርመራው ሲያልቅ ሐኪሙ አንዳርጋቸውን ብቻውን ኮሪደር ላይ አቆመው። ጉበቷ ላይ ነው፣ ተሠራጭቷል፣ ለክረምት አትደርስም አለው። አንዳርጋቸው ፊቱን በመሐረብ ጠርጎ ተመልሶ ገባና «ጨጓራ ነው፤ በርበሬ ተይ ብለዋል» አላት።

ይህን ስጽፍ ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። እኛ ዘንድ ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው። በሽተኛ ተስፋው እንዳይቆረጥ ተብሎ የበሽታው ስም ይደበቃል፤ ዘመድ፣ ጎረቤት፣ አስታማሚ ሁሉ ያንኑ ውሸት ተማምሎ ይይዛል። እኔም ሲነግረኝ «ደግ አደረግህ» አልሁት። ምነው ያን ጊዜ ምላሴን በቆረጠው።

ውሸቱ ግን አንድ ሰው ከዳር አስቀረ። ኢትዮጵያ በዓለም ላይ ያለቻት አንዲት እኅት ናት፤ ማክሰኝት እህል የሚነግዱ፣ ወይዘሮ የብርጓል የሚባሉ። እናታቸው የሞቱት ኢትዮጵያ የአራት ዓመት ልጅ ሳለች ነው፤ አዝለው ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ከማክሰኝት ባሕር ዳር መንገዱ ደኅና ከሆነ ከቁርስ እስከ ምሳ ይደረሳል። በዚህ ዘመን ግን መንገዱ የሚዘጋበትንና የሚከፈትበትን ቀን የሚያውቅ የለም፤ ስለዚህ ሴትዮዋ ከቤታቸው የሚነሡት ለትልቅ ነገር ብቻ ነው። አንዳርጋቸውን ያስፈራውም ይኸው ነበር።

«እትዬ የብርጓል ድንገት ከመጡ ኢትዬ ነገሩ ይገባታል» አለኝ። «ትንሽ ይቆይ፣ ጋሼ ሀብቴ።»

እንዲህ ሆኖ ኢትዮጵያ አዝለው ያሳደጓትን እኅቷን አይታ መሞቷም ሳታያቸው መሞቷም በእሱ አንድ የስልክ ጥሪ እጅ ወደቀ። እሱም ስልኩን ትቶ ሳር ተከላ ጀመረ።

ነገሩን ያነሣችው እሷ ናት። ኅዳር ላይ በረንዳው ላይ ተቀምጣ «ግቢው አቧራ ብቻ ነው፤ ሰው ቢመጣ የት ይቀመጣል? ሳር አልብሰው» አለችው። አንዳርጋቸው ደስታውን አልቻለውም። ሳር የሚያስተክል ሰው ሩቅ ያስባል ብሎ አመነ። በሁለተኛው ቀን ሁለት ዓይነት የውሃ መርጫ ይዞ መጣና በረንዳው ላይ ዘረጋቸው፤ እኔንም በአጥር ላይ ጠራኝ።

አንደኛው ባለ ሦስት እግር ነው። ከጎማ ጋር ይገጠማል፣ ሣር መሐል ይቆማል፣ ራሱ እየዞረ ይረጫል፤ ሲበቃ ጎማውን ጠቅልሎ ማንሣት ነው። ሁለተኛው ከነቧንቧው መሬት ውስጥ ይቀበራል። ውሃ ሲለቀቅ አናቱ ከሣሩ ብቅ ይላል፣ ውሃው ሲቆም ተመልሶ ይገባል፤ ማንም እዚያ መኖሩን አያውቅም። አንዳርጋቸው የድሮ ሥራው ፊቱ ላይ መጣበት። የከተማው ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ መጀመሪያ ሮቶ መሙላት እንደሚያስፈልግ፣ የሮቶው ውሃ ብቻውን ግፊት ስለሌለው ፓምፕ እንደሚገባበት፣ የአንዱ መርጫ ውሃ ከሚቀጥለው መርጫ እግር ድረስ ካልደረሰ መሐል ላይ ቢጫ ክብ እንደሚቀር ዘረዘረ። ቀትር ላይ የጠጣ ሣር ውሃውን ለፀሐይ ነው የሚሰጠው፤ ሲመሽ የጠጣም ረጥቦ አድሮ ይታመማል፤ ጧት ብቻ ነው አለ። በዚህ ሁሉ መሐል ኢትዮጵያ ባለ ሦስት እግሩን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ትነካካዋለች።

«ይኸኛው ይሻላል» አለች። «ሲያስፈልግ ይነሣል። ግቢው ባዶ ይሆናል።»

«ለምን ባዶ ይሆናል?»

«እንግዳ ይበዛ ይሆናል።»

«እንግዳ ቢበዛ ወንበር አለ።»

«እንጃ» አለች። «ወንበር ብቻ የሚበቃ አይመስለኝም።»

ያን ጊዜ ገባኝ። የሰፈራችን መንገድ ኮብልስቶን ከለበሰ ወዲህ ካስማ አይገባበትም፤ የለቅሶ ድንኳን የሚተከለው በየሰው ግቢ ነው። የእድራችን ካስማ ደግሞ ክንድ ሙሉ ነው፤ የአንዳርጋቸው ቧንቧ የሚቀበረው አንድ ስንዝር ተኩል ላይ። ይህን ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው የለም። እኔ ግን ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር አሰርሁ። አንዳርጋቸው «የሚቀበረው ሃያ ዓመት ያገለግላል» ብሎ ባለ ሦስት እግሩን ወደ ካርቶኑ መለሰው።

ቦዩን ራሱ ቆፈረ። ቧንቧውን ከአጥር እስከ አጥር ዘረጋ፤ ዐሥራ አንድ መርጫ ተከለ። በዚህም አልበቃውም። ከበሩ እስከ በረንዳው በጠፍጣፋ ድንጋይ መሄጃ አነጠፈ፤ በግራ ዘንባባ፣ በቀኝ በድንጋይ የታጠረ የአበባ መደብ፣ መሐል ላይ ዝቅ ያለ የግቢ መብራት አቆመ። ሰው ያየ «እንዴት ያምራል» ይላል። እኔ ድንኳን ስተክል የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ዓይኔ የሚያየው ሌላ ነው። አራት ክንድ በአራት ክንድ የሆነ ባዶ ቦታ በዚያ ሁሉ ግቢ አላስቀረም። ሳያስበው ይሁን አስቦ እግዜር ይወቀው፣ ድንኳን የሚያርፍበት ስፍራ እንዳይኖር አድርጎ ነው የሠራው። ተናድጄበታለሁ፤ አንጀቴንም በልቶታል።

ጥር ላይ ሣሩ ያዘ። መንገዱ ሁሉ አቧራ ሲሆን ያ ግቢ ብቻ ለምለም ነበር። ጧት አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ፓምፑ በሰዓት መቆጣጠሪያው ራሱ ይነሣል፣ መርጫዎቹ ብቅ ይላሉ፣ ኢትዮጵያም ጋቢ ለብሳ ታያቸዋለች። ጉንጯ ሄዷል፤ ዓይኗ ቢጫ ሆኗል። ጨጓራ ዓይን ቢጫ እንደማያደርግ ሕፃን ያውቃል።

አንድ ጧት አንዳርጋቸው ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ሳለ በአጥሩ ላይ ጠራችኝ።

«ጋሼ ሀብቴ፣ የእድራችን ድንኳን ስንት በስንት ነው?»

«ምን አስጠየቀሽ? እግዜር ያርቀው።»

«እንዲያው ነው። እዚህ ከገባ ብዬ። ሰው ጭቃ ላይ እንዳይቀመጥ።»

«ጨጓራ ሰው አይገድልም» አልኋት።

ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ተቆጥታ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

«እርስዎም?» አለችኝ፤ ፈገግ ብላ ገባች።

ማወቋን ለአንዳርጋቸው አልነገርሁትም። ቢያውቅ ይሰበራል ብዬ ነው። እንግዲህ እኔም እሱ ለእሷ እንዳደረገው አደረግሁለት ማለት ነው፤ የመንደሩ ሁሉ ደግነት እንዲህ ያለ ነው።

ሁዳዴ ሲገባ ከአልጋ መውረድ አቃታት። አልጋዋን ወደ መስኮቱ አስጠጋላት። ያኔ እጁን ይዤ «ለእኅቷ ደውል፤ አሁን ካልደወልህ መቼ ነው?» አልሁት። አንዳርጋቸው ቁጣ የማያውቅ ሰው ነው፤ ያን ቀን ተቆጣኝ።

«ዛሬ ጧት ሣሩን አይታ ሳቀች» አለኝ። «ይህንንም ልቀማት?»

ደወለ፤ የደወለው ግን ከፋሲካ በኋላ ነው። «ትንሽ አሟታል፣ ይምጡ» አላቸው። በማግስቱ መንገዱ ተዘጋ። ወይዘሮ የብርጓል ከነጓዛቸው መናኸሪያ ሄደው ተመለሱ፤ በሦስተኛውም፣ በአምስተኛውም ቀን ሄደው ተመለሱ። በዚያ መሐል ኢትዮጵያ ድምፅዋ ደክሞ ስልክ መያዝ ትታ ነበር። አንዳርጋቸው ጆሮዋ ሥር ጎንበስ ብሎ እኅቷ እንደሚመጡ ነገራት።

«አንተ ነህ የጠራሃት?» አለችው።

«ኧረ እኔ አልጠራኋቸውም፤ ናፍቀውሽ ነው እንጂ» አላት። ይህን የነገረኝ ራሱ ነው። በዘዴ እንዳለፋት ቆጥሮ ደስ ብሎት ነበር። እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች አለኝ።

በዘጠነኛው ቀን፣ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ዐረፈች።

ድንኳኑን ይዤ ስመጣ አንዳርጋቸው ደጃፉ ላይ ቆሟል። የእድሩ ልጆች ካስማና መዶሻ ይዘው የት እንትከል አሉኝ። ዐሥራ አንዱም መርጫ፣ ቧንቧውም ሁሉ በየት እንደሚያልፍ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ዓይኑን አየሁት፤ «ወደዚህ አድርጉት» ይለናል ብዬ ጠበቅሁ። አልተናገረም። የሚስቱ ሬሳ ቤት ውስጥ ሳለ ስለ ቧንቧ የሚናገር ባል ምን ይባላል? ዘንባባዎቹን ነቀልናቸው፣ የአበባውን መደብ አፈረስነው፤ ልጆቹም ካስማውን እንደ መጣላቸው መቱት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀበርናት።

በማግስቱ ጧት ድንኳኑ ውስጥ ያደሩ ሰዎች ፍራሽ ላይ ጋደም እንዳሉ አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ። ፓምፑን ያጠፋ ሰው የለም። ውሃው በተበሳው ቧንቧ ሁሉ ከፍራሾቹ ሥር ፈለቀ። አሮጊቶቹ ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሡ። ሮጬ ፓምፑን እስካጠፋ ግቢው ጭቃ ሆነ። ገለባ አስመጥተን በተንንበት። ወይዘሮ የብርጓል የደረሱት እኩለ ቀን ላይ፣ በዚያ ጭቃ ላይ ነው። መንገዱ የተከፈተው የዚያኑ ዕለት ጧት ነበር። ድንኳኑን ከበሩ ሲያዩ የሚነግራቸው ሰው አላስፈለጋቸውም። እንዴት እንዳለቀሱ አልጽፈውም።

በሣልስቱ ሰው ሳሳ ሲል ሦስታችን ቀረን። አንዳርጋቸው ሁለት ቀን ሙሉ ሲያዘጋጅ የቆየ በሚመስል አነጋገር ጀመረ።

«ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ። ቀደም ብዬ ያልጠራሁዎ እንዳትደነግጥ ብዬ ነው። አንድ ነገር ግን ልንገርዎ፤ ምንም ሳታውቅ ነው የሄደችው። አንዲት ቀን አልተጨነቀችም።»

ወይዘሮ የብርጓል መጀመሪያ ወደ እኔ አዩ። ልተወው ወይስ ልንገረው የሚሉ ይመስላሉ። እኔ ዝም እንዲሉ በዓይኔ ለመንኋቸው፤ እስከ መጨረሻው ያንኑ ሰው ነበርሁ።

«ታውቅ ነበር» አሉት፤ በዝግታ። «በኅዳር ሚካኤል ማግስት ደውላ ነገረችኝ። ሐኪሙን ራሷ ተመልሳ ጠይቃዋለች። ጓዜን ጠቅልዬ ልነሣ ስል ‹እትዬ፣ እንዳትመጪ› አለችኝ። ‹አንቺ ከመጣሽ ማወቄን ያውቃል። እሱ የቆመው አታውቅም ብሎ ነው። ራሱ ሲጠራሽ ነይ፤ ያን ጊዜ ሦስታችንም እንነጋገራለን› አለችኝ። እኔም ስልክህን ስጠብቅ ከረምሁ።»

አንዳርጋቸው ከፍራሹ ጠርዝ የገለባ ስንጥር አንሥቶ ይሰባብር ጀመር።

«እሑድ እሑድ አንተ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ትደውልልኝ ነበር» አሉ ወይዘሮ የብርጓል። «ድምፅዋ እስኪደክም ድረስ አንድም እሑድ አልዘለለችም። ሌላ ወሬ አልነበራትም፤ ‹ዛሬስ ጠራሽ?› ነው የምትለኝ።»

አንዳርጋቸው ስንጥሩን ሰባብሮ ጨረሰ። ከዚያ ቀና ሳይል «ምን ይሏት ነበር?» አለ።

«‹ገና ነው› እላት ነበር» አሉት።