ቅቤ የተቀባው ቸርኬ

ልጅ እያለሁ፣ ደብረ ታቦር ውስጥ ሳይክልን ለደስታው ብቻ የሚነዳ ሰው ቢኖር ታላቅ ወንድሜ አዲሱ ነበር። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ወደ ወረታ በሚወስደው ቁልቁለት ሸሚዙን ነፋስ እየሞላው ይወርዳል፤ ከዚያ ያንኑ ዳገት እያለከለከ ይመለሳል። «ምን አገኘህ?» ስንለው «ነፋስ» ይለናል። እማዬ «ነፋስማ የጉና ተራራ ይመስገን ደጃችን ድረስ ይመጣል!» እያለች ታሾፍበት ነበር።

አባባ ግን አያሾፉም። አባባ የበቅሎ ሰው ነበሩ። በእኛ አገር የሰው ጨዋነት በበቅሎው ጀርባ ይታያል፤ እሳቸውም በዕድሜያቸው አንድም በቅሎ አስገጥበው፣ ጀርባዋን በኮርቻ አቁስለው አያውቁም። «የእሳቸው በቅሎ ኮርቻ ቢውልባት እንኳ ጀርባዋ ገጣባ አያውቅም» ሲባልላቸው፣ አንገታቸውን ይደፋሉ እንጂ ውስጣቸው እንዴት ደስ እንደሚለው እኛ ቤተሰቦቻቸው እናውቅ ነበር። የመጨረሻዋ በቅሏቸው ስትሞት ያ ሁሉ ጥንቃቄ ሳይክሉ ላይ ወረደ። አዲሱ ሲመለስ ላቡ ሳይደርቅ ይቀበሉታል፤ ጭቃውን በጨርቅ ይጠርጋሉ፤ ክረምት ከሆነ ቤት አስገብተው የበቅሎዋን የጀርባ ልብስ፣ ግላሷን፣ ያለብሱታል። የሳይክሉን የቆዳ ኮርቻ ደግሞ በቅቤ ያሹታል፤ ቆዳ ነዋ! በሐምሌ ዝናብ ቤታችን ቅቤ ቅቤና እርጥብ ጎማ ጎማ ይሸት ነበር። አቤት፣ ያ ሽታ አሁን ቢመጣልኝ!

አንድ መስከረም ላይ የሳይክሉ ፍሬን መጮህ ጀመረ። አዲሱ ምንም አልመሰለውም፤ አባባን ግን እንቅልፍ ነሳቸው። ቅዳሜ አዲሱ ገበያ ወርዶ ሳለ ጎንበስ ብለው ጎማውን አሽከረከሩና የፍሬኑ ላስቲክ የጎማውን ብረት፣ ቸርኬውን፣ ሲፈትገው አዩ። «ይኸውልሽ» አሉኝ፣ «እየገጠበው ነው። ምስኪን! እንስሳ ያለ አፍ ይናገራል፤ ይኸም በአቅሙ እያመመኝ ነው እያለ ነው።» ከዚያ ከእማዬ ለጋ ቅቤ ቆንጠር አድርገው ሁለቱንም ቸርኬዎች ዙሪያቸውን ቀስ ብለው አሹ። ጩኸቱ ጸጥ አለ። አባባ የቆሰለ እንስሳ ያሻሩ ያህል ፊታቸው በራ።

በማግሥቱ አዲሱ እንደ ልማዱ ቁልቁለቱን ወረደ። መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ፍሬን ያዘ፤ ሳይክሉ አልቆመለትም። ከመታጠፊያው ገደል ሥር ያገኙት ሰዎች በቃሬዛ ወደ ሆስፒታል አመጡት፤ ጭኑ ተሰብሮ፣ ፊቱ ደም ለብሶ። እግሩ ይትረፍ አይትረፍ ሐኪሞቹም አልነገሩን።

አባባ ደጅ ሆነው ሐኪሙን ሲማጸኑ አዲሱ እማዬን በእጁ ጠራት። እኔም አጠገቧ ነበርኩ። «እማዬ፣ ቸርኬው ቅቤ ተቀብቶ ነበር፤ ስወድቅ እጄ ላይ ቀርቷል» አላት። «አባባ እንዳይሰሙ አደራ። በገዛ እጄ ልጄን ሰበርኩት ካሉ አይተርፉም።» ወዲያው አባባ ገብተው «ምን አገኘህ ልጄ?» ቢሉት «በግ ገባብኝ» አለ።

እኛ ነገሩ በዚህ አለቀ ብለን ነበር። ግን የት አለና በእኛ አገር ባለቤት የሌለው በግ! በዚያ መታጠፊያ በግ የሚያሰማሩት አያ ሞላ ብቻ ነበሩ፤ የአባባ አብሮ አደግ፣ ክፉና ደጉን አብረው ያዩ ሰው። አባባ ሄደው ቢጠይቋቸው «በጎቼ ያን ዕለት ከበረት አልወጡም» አሉ። አባባ «ልጄ አይዋሽም» አሉ። ከዚያ ወዲያ ሰላምታ ተቋረጠ። ሽማግሌ ተቀመጠ፤ ምስክር ጠፋ፤ አያ ሞላ ቤተ ክርስቲያን ደጅ እንዲምሉ ተፈረደባቸው። መሐላ ለእኛ ቀልድ አይደለም፤ እውነተኛ ሰው እንኳ ይፈራዋል፤ መዘዙ ለልጅ ልጅ ይተርፋል ይባላል።

የአዲሱ እግር ከመቆረጥ ተርፎ ቤት ገብቶ ነበር፤ ያን ሰሞን ግን እህል አልወርድ አለው። እማዬ «አባትህን አድናለሁ ብለህ ያለ ኃጢአቱ ሰው ልታስምል ነው?» አለችው። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ አንተ ዝም ብትል ቅቤው ራሱ ይናገራል።» እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

የመሐላው ቀን ሁላችንም ሄድን። አያ ሞላ ጫማቸውን አወለቁ፤ ነጠላቸውን አጣፍተው እጃቸውን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በር ዘረጉ። ይህኔ አዲሱ በክራንቹ ተነሣና «አያ ሞላ፣ አይማሉ! በግ አልነበረም» አለ። ሁሉም ዞሩበት። «ፍሬኑ አልያዘልኝም። ቸርኬው ቅቤ ነበረው።» ማን እንደቀባው አልተናገረም።

አባባ ከሰዉ መሐል ወጡ። ከዚያ «እኔ ነኝ» አሉ። ከአጥሩ ሥር ድንጋይ አንሥተው ጫንቃቸው ላይ አደረጉና አያ ሞላ ፊት ጎንበስ አሉ። አያ ሞላ እያለቀሱ «አውርደው ወንድሜ፣ ይቅር ለእግዚአብሔር» አሏቸው። አባባ ግን አላወረዱትም። ድንጋዩን እንደተሸከሙ ዞረው አዲሱ ፊት ጎንበስ አሉ። አባት ለወለደው ልጅ ድንጋይ ሲሸከም እዚያ ያየ ሰው አልነበረም። ሽማግሌዎቹ «ኧረ በእመቤቴ! ይኸማ ነውር ነው!» ብለው ተንጫጩ፤ አባባ አልሰሟቸውም። አዲሱ ክራንቹን ጥሎ ድንጋዩን ከጫንቃቸው ሲያነሣ እግሩ ከዳውና ሁለቱም አብረው ወደቁ። መሬት ላይ እንደተቃቀፉ አለቀሱ። ማንም ሊያነሣቸው አልደፈረም።

ዛሬ የከተማችን ልጆች ለሳይክላቸው ካቴና የሚሆን ዘይት ከሱቅ ይገዛሉ፤ የትኛው ብረት እንደሚቀባና የትኛው እንደማይነካ ከስልካቸው ያያሉ፤ የአደጋ መከላከያ ቆብ ሳያጠልቁም አይነዱም። እሰየው፣ ይኑሩልን። ግን ትልቅ ሰው ለትንሽ «አጥፍቻለሁ» ሲል ከሰማሁ ስንት ዘመኔ! አባባም ካረፉ ቆዩ።

አዲሱ አሁን የልጆች አባት ነው። አንድ እግሩ አጥሮ ስለቀረ ያነክሳል። የማያውቁት ሰዎች «እግርህን ምን አገኘው?» ሲሉት ሳቅ ብሎ «አባቴ ሲሳሱልኝ ነው» ይላቸዋል።