ከወራጁ ማዶ

ይግዛው ከአርብ ገበያ ወዲያ ባሉ ደብሮች የጎጆ ጣሪያ ሲያቆም ነው ያረጀው። እስቴ ተሻግሮ፣ ስማዳ ወርዶ የማገረው ቤት ስንት እንደሆነ እሱም አያውቀውም። ከእነዚያ ሁሉ ግን አንዱንም ብቻውን አላቆመም። ከማዶው ሁልጊዜ ጓደኛው ዋለ ነበረ።

ምሰሶ የሌለው ክብ ጣሪያ ያለ ሁለት ሰው አይነሣም። አንዱ በምሥራቅ፣ አንዱ በምዕራብ ግድግዳው ላይ ይወጣና ወራጆቹን፣ ጣሪያውን የሚሸከሙትን ረጃጅም እንጨቶች፣ ፊት ለፊት ያነሣሉ፤ ጫፍና ጫፋቸው መሐል ላይ ይገናኝና አንዱ በሌላው ተደግፎ ይቆማል። ርጥቡ ጠፍር ታስሮ እስኪጠብቅ አንደኛው እጁን ካላላ፣ የወዲያኛው ወራጅ ሰውየውን ይዞት ይወድቃል። አናጢ ከሚስቱ በፊት ማዶውን ይመርጣል ይባል የነበረው ለዚህ ነው። ስማዳ ላይ አንድ ጊዜ ከአሮጌው ሣር የተነሣ ንብ የዋለን ፊት ወረረው። ዐይኑ እስኪጠፋ አበጠ እንጂ እጁን አልለቀቀም። ወርዶ ያለው፣ “ይግዛው፣ አሁንስ ከአንተ በላይ አማርሁ” ብቻ ነበር።

ዋለ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ንፋስ መውጫ ልጁ ፈትለወርቅ ዘንድ ገብቷል። ይግዛው ከዚያ በኋላ ከጎረምሶች ጋር ሞክሮ ነበር። ጉልበት አላቸው፤ ምስማርም ይመታሉ። ግን ወራጁን ጨብጦ ማዶውን ባየ ቁጥር የሌላ ሰው ፊት ሆነበት። መዶሻውን ሰቀለ።

ዘንድሮ መሪጌታ ካሌብ አስጠሩት። የደብሩ ቤተ ልሔም፣ መገበሪያው የሚሰናዳበት ጎጆ፣ ጣሪያው ጎብጧል።

“ክረምት ሳይገባ እንደ ጥንቱ ታቆምልናለህ ወይስ ቆርቆሮ እናልብሰው?”

“ዋለን ላምጣና።”

“እሱ ሰውዬ ከተሜ ሆኗል አሉ።”

“ከተሜም ቢሆን ይመጣል።”

በማግስቱ ማልዶ ሚኒባስ ያዘ። መንገዱን ሁሉ በሐሳቡ ግድግዳ ላይ ቆሞ ዋለን ከማዶ ሲያየው ነበር፤ ጥርሱን ነክሶ፣ ላቡ በአፍንጫው ጫፍ ተንጠልጥሎ።

ፈትለወርቅ በር ላይ ተቀበለችው። “አያ ይግዛው! ግቡ፣ ግቡ። አባቴ፣ ማን እንደመጣ እዩ!”

ዋለ ከወንበሩ አልተነሣም። “አንተ ሽማግሌ፣ እስካሁን አልሞትህም?”

“አንተ ሳትቀብረኝ? ተነሥ፣ ሥራ አለ።” ነገሩን ነገረው።

ዋለ ሳቀ። “እኔ እንኳ ቆርቆሮ ለምጃለሁ። ሣር ሥር ሆኖ ዝናብ ይሰማል? እዚህ ገና ሲያካፋ እሰማዋለሁ። ምን ጎደለኝ ብዬ ግድግዳ ልውጣ?”

“እንዲህም ትላለህ?”

“ሌላ ሰው ፈልግ።”

የይግዛው ፊት ጠቆረ። በልቡ ወደ መናኸሪያው ተመልሶ ነበር። ፈትለወርቅ ጠላ አቅርባላቸው ወጣች። ዋለ ጣሳውን ሊያነሣ እጁን ሰደደ፤ ጣቶቹ ግን አልታጠፉለትም። በሁለት መዳፉ አቅፎ ወደ አፉ ሲወስደው ተንቀጠቀጠና ግማሹ ጭኑ ላይ ፈሰሰ። ቀና ብሎ አላየም።

“ጠላው ቀጥኗል” አለ።

“ቀጥኗል” አለ ይግዛው፣ የራሱን ሳይቀምስ።

የይግዛው ስልክ ጮኸ። መሪጌታ ነበሩ። “እህሳ፣ ዋለ ምን አለ?”

ይግዛው ጓደኛውን አየው። ዋለ የራሰ ጋቢውን እያራገፈ ጆሮውን አቁሟል።

“ዋለማ ዛሬውኑ እንሂድ ብሎ ወጥሮ ይዞኛል። እኔ ነኝ ጉልበቴ የከዳኝ። ቆርቆሮውን እዘዙ፣ አባቴ።”

ስልኩን ኪሱ ከተተ።

“ድሮም ሰነፍ ነህ” አለ ዋለ።

“የመጨረሻው ሚኒባስ ስንት ሰዓት ይወጣል?”

“ሄዷል” አለ ዋለ። ገና እኩለ ቀን ነበር።