የቪየናው ሙታንታ

ለንደን የገባሁት ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ነው። አዲስ አበባ ሳለሁ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። እዚህ ኤጀንሲው አጭር ሥልጠና ሰጥቶ ኬረር አደረገኝና አቅመ ደካማ አረጋውያንን በየቤታቸው እየሄድኩ መንከባከብ ጀመርኩ። ካምደን ሰፈር ውስጥ የደረሱኝ ሴትዮ የሰባ ስምንት ዓመት ሰው ነበሩ፤ ቪየና የተወለዱ አይሁዳዊት። በደንቡ መሠረት "ሚስስ" ብዬ የቤተሰብ ስማቸውን ማስከተል ነበረብኝ። ስሙ ምላሴ ላይ አልዞር ስላለኝ አንድ ቀን "እማማ" አልኳቸው።

"ምን ማለት ነው?" አሉኝ።

"ለትልቅ ሴት የሚባል የአክብሮት ስም ነው።"

"ትልቅ ስትዪ በዕድሜ ነው ወይስ በወገብ?" አሉና ከዚያ ወዲህ በሌላ ስም ብጠራቸው ወይ አልል አሉ።

እማማ ዘጠኝ ዓመታቸው ሳለ፣ ናዚዎች ከተማቸውን ከያዙ በኋላ፣ ወላጆቻቸው እሳቸውንና የአምስት ዓመት ወንድማቸውን ሕፃናት ብቻ በተሳፈሩበት ባቡር ወደ እንግሊዝ ላኳቸው። እናትና አባት እዚያው ቀሩ፤ በኋላም ተወስደው ተገደሉ። ይህን የነገሩኝ ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ቀን፣ ጫማቸውን ሳስርላቸው፣ ዛሬ ይዘንባል በሚባልበት ድምፅ ነው። ከዚያ በኋላ ስለ ጉዳዩ ቃል አልተነፈሱም።

አንድ ቀን ከአንድ ሙዚየም ደብዳቤ መጣ። ከዚያ ዘመን የተረፉ የቤተሰብ ዕቃዎችን እንሰበስባለን፣ የባለቤቶቹንም ቃል በድምፅ እንቀርጻለን ይላል። እማማ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ ቅርጫት ውስጥ ጣሉት፤ ሦስት ጊዜ መልሰው አወጡት። በመጨረሻ ደውለው "ኑ" አሉ። ከዚያ እኔን ወንበር ላይ አስወጥተው ከቁም ሳጥኑ አናት አንድ ካርቶን አስወረዱኝ። ውስጡ ጥቂት ፎቶግራፎች፣ አንድ የታጠፈ ወረቀት፣ ከሥር ደግሞ በጋዜጣ የተጠቀለለ የሱፍ ሙታንታ ነበር።

ሙታንታ ስል ዛሬ የምናውቀውን ዓይነት እንዳይመስላችሁ። ከእምብርት በላይ ጀምሮ ከጉልበት በታች የሚያልቅ፣ በእጅ የተሠራ፣ ግራጫ፣ ለሁለት ልጅ የሚበቃ ነገር ነው። እናታቸው ለጉዞው ብለው ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ ሠርተው ነበር፤ እስኪያድጉ ያገልግላቸው ብለው ሆን ብለው አስፍተውታል። አንደኛው የሆነ ቦታ ጠፍቷል። የተረፈው የማን ነው የሚለው ነገር እህትና ወንድምን ዕድሜ ልካቸውን ሲያከራክር ኖሯል።

"የኔ ነው" አሉኝ እማማ። "እሱ ግን ዌምብሊ ቁጭ ብሎ የኔ ነው ይላል። ነገ ሲመጣ ታይዋለሽ።"

ከሙዚየሙ የምትመጣው ልጅ ቀጠሮዋ በማግስቱ ረፋድ ላይ ነበር። እማማ ከምሳ በኋላ ጋደም ሲሉ እኔ ቤት ማሰናዳት ጀመርኩ። እንግዳ ይመጣል ከተባለ እጄ አያርፍም። መስኮት ወለወልኩ፣ ምንጣፍ አራገፍኩ፣ አንሶላ ገፈፍኩ። ሙታንታው ወንበር ላይ ተዘርግቷል፤ ቤቱን በሙሉ ናፍታሊን ናፍታሊን አሽትቶታል። እንዲህ ሆኖ ለሰው ይቀርባል? ለእማማ ይሉኝታ ያዘኝ። ከአንሶላዎቹ ጋር ማሽን ውስጥ ከተትኩትና፣ ጥርት ብሎ ይውጣ ብዬ ዘጠና ዲግሪ ላይ አደረግሁት።

አንሶላውን አውጥቼ ሳራግፈው አንድ ነገር ዱብ አለ። ካልሲ መሰለኝ። አንስቼ ሳየው ሁለት እግር አለው።

ሙታንታው ለድመት የማይበቃ ሆኖ፣ እንደ ጫማ ሶል ደርቆ እጄ ላይ ቁጭ አለ። በእጄ ጎተትኩት፤ እምቢ አለ። ውኃ ነክሬ ሻይ ማፍያው ላይ አጠለቅሁት፤ መጥለቁን ጠለቀ፣ መውጣት ግን አቃተው። በመከራ ካላቀቅሁት በኋላ ወገቡን የወንበር እግር ላይ አስገብቼ፣ አንዱን እግር በእጄ ሌላውን በጥርሴ ይዤ ወደ ኋላ ስለጠጥ እማማ በሩ ላይ ቆመው አየኋቸው።

"ምን እየበላሽ ነው?" አሉኝ።

ከአፌ አወጣሁት። ተንበርክኬ "እማማ፣ በእግዜር ይዤዎታለሁ፣ ይማሩኝ" ማለት ጀመርኩ፤ ድንጋጤው እንግሊዝኛዬን ስለወሰደው ሁሉንም ያልኩት በአማርኛ ነው። ሙታንታውን ከእጄ ተቀበሉና ወደ መስኮቱ ሄዱ። አውራ ጣታቸውን በስፌቱ ላይ ወዲያ ወዲህ አደረጉ። እኔ ከሥራ መባረሬን እየጠበቅሁ ነው።

"ስፌቱ አልተፈታም" አሉ ቀስ ብለው። "እናቴ ክር ስታጠብቅ ታጠብቃለች።" ከዚያ ድንገት ዞር ብለው "ወንድሜ እንዳይሰማ!" አሉኝ።

በማግስቱ ወንድማቸው ክራቫት አስረው፣ ባርኔጣ ደፍተው፣ ከዌምብሊ በባቡር መጡ። እሳቸውን ጋሼ ነው የምላቸው። የሙዚየሟም ልጅ ደረሰች፤ ነጭ ጓንት፣ ቅጽ፣ መቅረጸ ድምፅ ይዛለች። መሣሪያውን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ አስጀመረችው።

"ባቡር ጣቢያው ስንደርስ ይዘንብ ነበር" አሉ እማማ።

"በረዶ ነበር" አሉ ጋሼ።

"አንተ የአምስት ዓመት ልጅ ነበርክ።"

"የአምስት ዓመት ልጅ በረዶ አያይም?"

ግማሽ ሰዓት አለፈ፤ ባቡሩ ገና ከቪየና አልወጣም። ልጅቷ በጨዋነት "ምናልባት ዕቃውን እያየን ብንቀጥል?" አለች። እኔ ሻይ ስቀዳ ግማሹን ሰሐኑ ላይ ደፋሁት። እማማ ምንም እንዳልተፈጠረ ካርቶኑን ከፈቱላት። ልጅቷ ጓንቷን አጥልቃ ሙታንታውን በሁለት እጇ አነሳችው።

"ይሄ... የአሻንጉሊት ልብስ ነው?"

"በዕድሜ ተኮማትሮ ነው" አሉ እማማ። "እኛስ መች ቀረልን?"

እኔ ግን አልቻልኩም። ፖሊስ ጣቢያ ቃሌን የምሰጥ ይመስል ወደ ማይኩ ጎንበስ ብዬ "እኔ ነኝ! ዘጠና ዲግሪ ላይ አጠብኩት!" አልኩ።

ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ሙታንታውን መረመሩ። የሚቆጡ መስሎኝ ነበር፤ ፊታቸው በደስታ በራ። "ይኸው! የኔ መሆኑ ታወቀ! ይጠበኝ እንደነበር ሁሌ እናገር የለም?"

"ይጠብህ ነበር?" እማማ ተነሥተው ቆሙ። "ድንበሩ ላይ መኮንኑ ፊት እግርህ ሥር ዱብ ያለው ጠቦህ ነው?"

 እማማ ከንፈራቸውን ነከሱ፤ ግን አንዴ አምልጧቸዋል።

ጋሼ ስለዚያ ድንበር የሚያውቁት ሌላ ታሪክ ነበር። የናዚ መኮንኖች ባቡሩ ላይ ወጥተው የልጆቹን ሻንጣ እየዘረገፉ ሲመጡ እሳቸው ዘፈን ዘፈኑ፤ መኮንኑ ልቡ ራራና የእነሱን ሳይነካ አለፈ። ይህን በሠርጋቸው ላይ ተናግረውታል፤ ለልጅ ልጆቻቸውም አውርሰውታል። የነገሯቸው እህታቸው ነበሩ። እውነቱ ግን፣ ተነሥ ሲባሉ ዘለው ተነሡ፤ ሙታንታውም ከቁምጣው ሥር ሾልኮ ጫማቸው ላይ አረፈ። መኮንኑ ጓደኛውን ጠርቶ አሳየው። እየተሳሳቁ ሄዱ።

"እስከ መርከቡ ድረስ አለቀስክ" አሉ እማማ። "ሳቁብኝ እያልክ። ዘፈንህ ደስ ብሏቸው ነው አልኩህ። ትንሽ አንጎራጉረህ ነበር፤ ያ እውነት ነው።"

"ስልሳ ስምንት ዓመት ዋሸሽኝ።"

"ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሌላ ምን ነበረኝና ልስጥህ?"

ጋሼ ክራቫታቸውን አስተካከሉ። ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞረው "ዘፈኑም ይቀረጽ" አሉና እስከ መጨረሻው ዘፈኑት። ድምፃቸው፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ መኮንን የሚያራራ አይደለም። ልጅቷ የትኛውን ልጻፍ ብላ ስትጠይቅ እማማ "ሁለቱንም" አሉ።

በመጨረሻ የታጠፈው ወረቀት ተነሣ። በጦርነቱ ጊዜ ከቪየና የሚላከው መልእክት በጥቂት ቃላት የተወሰነ ነበር፤ ይህ ከእናታቸው የመጣ የመጨረሻው ነው። እማማ በጀርመንኛ ካነበቡት በኋላ ለእኛ ተረጎሙልን። "ደህና ነን። ተዋደዱ። ሙታንታውን ልበሱ፤ እንግሊዝ እርጥብ ነው። እናታችሁ።"

 ልጅቷ ጓንቷ ዓይኗን ለመጥረግ አልመች ብሏት ክንዷን ተጠቀመች።

"እኔ እንግሊዝ ከገባን በኋላ አንድ ቀን እንኳ አልለበስኩትም" አሉ ጋሼ። "ያሳክከኝ ነበር።"

እማማ አንገታቸውን ደፉ። "እኔም።"

ቅጹ ውስጥ ባለቤት የሚለው ቦታ ላይ "እህትና ወንድም" ተብሎ ተጻፈ። ዕቃው ያለበት ሁኔታ የሚለው ላይ ልጅቷ ብዙ ካሰበች በኋላ "ካምደን ውስጥ ታጥቧል" ብላ ጻፈች። ኤግዚቢሽኑ ሲከፈት ሦስታችንም በአውቶቡስ ሄደን አየነው። ሙታንታው መስታወት ውስጥ፣ ከመልእክቱ አጠገብ፣ የራሱ መብራት በርቶለት ተቀምጧል። እህትና ወንድሙ ጽሑፉ ላይ ሦስት ስሕተት አግኝተው፣ በሁለቱ ግን ሳይስማሙ ቀሩ፤ ጥበቃው ሁለት ጊዜ ድምፅ ቀንሱ አላቸው።

እማማ ካረፉ ቆይተዋል። ጋሼ እሁድ እሁድ ይደውሉልኛል። ከሁሉ የጎደለባቸው የሚያርማቸው ሰው እንደሆነ ነው የሚነግሩኝ። እኔም እንደ አቅሜ እከራከራቸዋለሁ፤ ቪየናን ስለማላውቀው ግን ቶሎ ይረቱኛል።