እናቴን ጥርሷን ያመማት ዕለት

ጭሮ ዋናው አስፋልት ዳር ቆሜ ባጃጅ ከሩቅ ጢጥ ጢጥ ሲያደርግ በሰማሁ ቁጥር፣ እኔ ሳላዘው የቀኝ እጄ አመልካች ጣት ብድግ ይላል። እዚህ አገር እጅ ማወዛወዝ ይበቃል ብዬ ስንቴ ነግሬዋለሁ፣ አይሰማኝም። ባለፈው አንዱ ባለባጃጅ አጠገቤ አቁሞ፣ ጣቴንም ሂጃቤንም ተራ በተራ አይቶ፣ «እህቴ፣ ሸሃዳ እያልሽ ነው ወይስ ባጃጅ ፈልገሽ ነው?» ሲለኝ ታናሽ ወንድሜ ሙባረክ በሳቅ ሊሞት ደረሰ። እኔም ሳቅሁ። እኔ በዚያ ጡሩምባ ውስጥ የምሰማው ግን ባጃጁን ብቻ አይደለም፤ ከስምንት ዓመት በፊት በደቡብ አፍሪካ አንድ ሰፈር፣ ውርጭ ባለበት ጠዋት፣ ነጫጭ ታክሲዎች መንገደኛውን ሁሉ ትሄዳለህ፣ ትሄጃለሽ እያሉ የሚጠይቁበትን ጡሩምባ ነው።

እኛ የስልጤ ነጋዴ ቤተሰብ ነን፤ አያቴ ጭሮ ገበያ ውስጥ የቤት ዕቃ ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው። አባቴ ግን እኔ ገና ሳልራመድ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ፣ ሐበሾቹ «ሎኬሽን» በሚሉት የድሃ ሰፈር ውስጥ፣ ከአንዲት አሮጊት ግቢ አንድ ክፍል ተከራይቶ ሱቅ ከፈተ፤ ስድስት ዓመት ሲሞላኝ እናቴና እኔ ተከተልነው፣ ሙባረክም እዚያው ተወለደ። አሮጊቷን ሰፈርተኛው ሁሉ «ጎጎ» ይላቸው ነበር፤ በአገሩ ቋንቋ አያት ማለት ነው። አባቴ በብረት ፍርግርግ መሃል ግማሽ ዳቦ፣ አንድ ሻማ፣ አንዲት ሲጋራ ሲያቀብል ይውላል፤ ጎጎ ደግሞ ከፍርግርጉ ፊት ለፊት ወንበራቸውን ዘርግተው ሙባረክን በብርድ ልብስ ጀርባቸው ላይ አስረው፣ ገዢውን ሁሉ ሲመክሩና ሲቆጡ ይውሉ ነበር።

የዚያ አገር ዝናብ ከሙቀት ጋር ይመጣል፣ ብርዱ ከፀሐይ ጋር፤ እናቴ «ይህ አገር ወሩን ገልብጦ ነው የሚለብሰው» ትል ነበር። በመጀመሪያው የሙቀት ወራት ጎጎ ትምህርት ቤት እያደረሱኝ የታክሲውን ምልክት አስተማሩኝ። እዚያ ታክሲ የሚጠራው በጣት ነው። አንድ ጣት ወደ ላይ ካቀናሽ ወደ ከተማ ነሽ፣ ወደ ታች ከጠቆምሽ እዚሁ ቅርብ ነሽ፤ የእኛ ሰፈር ስሙ ብርቱካን የሚል ስላለበት ደግሞ፣ መዳፍሽን ብርቱካን እንደያዘ ሰው ጎድጎድ አድርገሽ ትዘረጊያለሽ። እኔ በዚህ አበድኩ። ከትምህርት ቤት ስመለስ መንገድ ዳር ቆሜ ብርቱካኔን እየዘረጋሁ ታክሲ አስቆምና ከመብራት ምሰሶ ጀርባ እደበቅ ነበር፣ ሾፌሮቹ ሲሳደቡ ጎጎም በጫማቸው ያባርሩኝ ነበር።

እናቴ ታክሲ አትሳፈርም። አባቴ ከግቢ አትውጡ ስላለ ብቻ አይደለም፤ የአገሩን ቋንቋ ከዳቦ፣ ከስኳርና ከሳሙና በላይ ስላልቻለች ነው። ምልክቱን ላሳያት ስሞክር፣ «መሳፈሩስ በጣት ነው፣ መውረዱ ግን በአፍ ነው» ብላ ትመልሰኝ ነበር። እውነቷን ነው፤ እዚያ ታክሲ ረዳት የለውም፣ የምትወርጂበት ሲደርስ ከኋላ ሆነሽ ራስሽ መጮህ አለብሽ፣ የጮህሽበት አፍም ከየት እንደመጣሽ ይናገርብሻል።

በሦስተኛው ዓመት ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ መርገፍ ሲጀምር የሰው ፊትም አብሮ ጠወለገ። ሰላም እያሉ ይገዙ የነበሩት ሰላም ሳይሉ መግዛት ጀመሩ። አብራኝ የምትማር ልጅ፣ ክፋት ሳይኖራት፣ ልክ የፈተና ቀን እንደምትጠይቅ፣ መቼ ነው አገራችሁ የምትሄዱት ብላ ጠየቀችኝ። አባቴ የሱቁን በር በሁለተኛ ቆርቆሮ መታው፤ ጎጎም ወንበራቸውን ወደ በሩ የበለጠ አስጠጉ።

ብርዱ ሲገባ የመኖሪያ ወረቀታችን የሚታደስበት ቀን ደረሰና እናቴና እኔ ግማሽ ቀን ወደሚያስኬድ ሌላ ከተማ ሄድን። አባቴ ለሱቅ ዕቃ ወደ ሩቅ አገር ሄዶ ነበር፣ ሙባረክን ለጎጎ ትተነው ነበር። ባረፍንበት የሐበሾች ቤት ሁለተኛው ቀን ላይ ወሬው ገባ፤ በየሎኬሽኑ የውጭ ሰው ሱቅ እየተዘረፈ ነው፣ መንገድ ተዘግቷል። አባቴ ደውሎ ከዚያ ቤት እንዳትወጡ አለና ስልኩ ተቋረጠ። ከሰዓት በኋላ ጎጎ ደወሉ፤ እኔ እየሰማሁ ለእናቴ መተርጎም ነበረብኝ።

«የሱቁን በር ገንጥለውታል። ልጁ ደህና ነው፣ ጀርባዬ ላይ ነው» አሉ ጎጎ። «ሰዎቹ አይናቸውን ጥለውብኛል፤ ነገ ከሰዓት ልጁን ይዤ ወደ ትውልድ መንደሬ እሄዳለሁ። እዚያ ስልክ የለም፣ ግን አትጨነቁ።»

እናቴ የመንደሩን ስም ጠየቀችኝ። ጎጎ ነግረውኝ ነበር፣ እኔ ግን በድንጋጤ ጠፋኝ፤ መልሰን ብንደውል አይነሳም። ከነገ ከሰዓት በኋላ ወንድሜ የት እንዳለ የምናውቅበት መንገድ አልነበረም።

የቤቱ ባለቤት ጋሽ ሸምሱ ክፉ ሰው አይደሉም። እናቴን አስቀምጠው፣ ልጁ ባገሬው ሴት ጀርባ ላይ ስለሆነ ከሁላችንም የሚሻለው እሱ ነው፣ ነገሩ ሲበርድ ተፈልጎ ይገኛል፣ ሲሉ መከሩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ዘይነባ፣ መንገድ ላይ አፍሽን ከከፈትሽ አለቀልሽ» አሏት።

«እንግዲያው አልከፍተዋ» አለች እናቴ።

ወደ እኔ ዞራ ስንት ታክሲ ነው አለችኝ፤ ሦስት አልኳት። «በይ ጣቶቹን አሳዪኝ» አለች። ወጥ ቤት ቆመን አሳየኋት። አንድ ጣት ወደ ላይ፤ እንደገና አንድ ጣት ወደ ላይ፤ መጨረሻ ላይ ብርቱካን። ሽንኩርት የሚልጡት ሴቶች መጀመሪያ ሳቁባት፣ ቀጥሎ አንዷ እውነተኛ ብርቱካን አምጥታ መዳፏ ላይ አስቀመጠችላትና ጣቶቿን በልኩ አጠፈችላት። ብርቱካኑን ስታነሳላት የእናቴ እጅ እንዳለ ቀረ። አፍ የምትከፍተው ሂክማ ናት ተባለ፤ ሂክማ እኔ ነኝ፣ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።

ጠዋት እናቴ ሰፊውን ሂጃቧን አጣጥፋ ቦርሳዋ ከተተች፣ ሻሿን እንደ አገሩ ሴቶች ወደ ኋላ አሰረች፣ የሹራቧን አንገት እስከ አገጯ ሳበች፣ ወገቧ ላይ የተዋሰችውን ብርድ ልብስ ጠመጠመች። በመጀመሪያው ታክሲ የተኛች መሰለች። ሁለተኛውን ራሷ በጣቷ አስቆመችው፣ ስንሳፈርም በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ፣ እንደ ኩራት ነገር ነበር። ሦስተኛው ላይ ብርቱካኗን ዘረጋች፣ ታክሲውም ቆመ።

ከጎናችን ባርኔጣ ያደረጉ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። እናቴን ብርዱን እንዴት አየሽው ሲሉ ጀመሩ፤ እናቴ ራሷን ነቀነቀች። ሌላ ጠየቋት። እኔ ፈጥኜ በቋንቋቸው፣ እናቴ ጥርሷን ስላመማት መናገር አትችልም አልኳቸው፤ ክርኗንም ነካሁት፤ ገብቷት ቀኝ ጉንጯን በመዳፏ ያዘች። ለጥቂት ጊዜ ሰላም ሆነ። ከዚያ እጇ ደከማት መሰለኝ፣ ቀይራ ግራ ጉንጯን ያዘች።

ሽማግሌው ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብለው፣ «ልጄ፣ የእናትሽ ጥርስ ይሄዳል እንዴ? ቅድም በቀኝ ነበር» አሉኝ።

ምን ልበል? ለእናቴ እንዳልነግራት በአማርኛ መናገር ሊሆንብኝ ነው። በዚያው ቅጽበት ታክሲው ቆመ። ከፊታችን ጎማ ይነድዳል፣ ዱላ የያዙ ወጣቶች ቆመዋል፣ አንዱ በሩን በርግዶ አንገቱን አስገባና የውጭ ሰው አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። አይኑ አንድ በአንድ ሄዶ እናቴ ላይ አረፈ፤ «እማማ፣ አንቺስ ሰላም አትዪንም?» አላት። እናቴ ጉንጯን ይዛ ቀና ብላ አየችው፣ አንገቷን አልደፋችም። እኔ የማየው ግን ሽማግሌውን ነበር፤ ሕይወታችን አፋቸው ላይ ነበር።

«ጥርሷን አሟታል» አሉት ሽማግሌው። «አንተ ደግሞ በሩን በርግደህ ብርዱን ታስገባባታለህ። ዝጋው፣ እኔም አርጅቻለሁ።»

ልጁ ትንሽ አመነታ፣ ከዚያ ዘጋው።

ሰፈራችን ስንገባ የማውቀው ሁሉ ጢስ ጢስ ይሸታል። የጎጎ ግቢ በር ከሩቅ ታየኝ፤ የምጮኸው አሁን ነው፣ ቃሉን አውቀዋለሁ፣ በየቀኑ የምለው ነው፣ አፌን ከፈትኩ፣ ድምፅ የለም። እናቴ በጉልበቷ ገፋችኝ። እንደገና ሞከርኩ፣ አልወጣም። በሩን ልናልፍ ነው፤ የሚቀጥለው ማቆሚያ ጢሱ የሚወጣበት አደባባይ ነው።

«ወራጅ አለ!» ብላ ጮኸች እናቴ።

በአማርኛ። ልክ የጭሮ ሚኒባስ ውስጥ እንዳለች፣ ልክ ረዳቱ ገንዘብ እየሰበሰበ ሳይሰማት እንደቀረ። ታክሲው ውስጥ ያለ ጭንቅላት ሁሉ ዞረ። ሾፌሩ ፍሬን ያዘ፤ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል፣ ታክሲ ውስጥ እንደዚያ የምትጮኽ ሴት የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው። እናቴ ከዚያ ወዲያ ጉንጯን አልያዘችም። በሩን ራሷ ከፈተች፣ እኔን አወረደች፣ ዞራም ለሁሉም «አመሰግናለሁ» አለች፣ እሱንም በአማርኛ። ስወርድ ሽማግሌው ከኋላዬ፣ «ይኸው፣ ጥርሱ ወጣ» ሲሉ ሰማሁ፤ ሌላ ሰው ሳቀ፣ ተከትሎን የወረደ ግን አልነበረም።

ጎጎ ጓዛቸውን ጠቅልለው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ነበር፣ ሙባረክ ጀርባቸው ላይ ተኝቷል። ሲያዩን ተነስተው፣ ማን ጠርቷችሁ፣ ምን አሳበዳችሁ እያሉ ረገሙን፤ እየረገሙም ብርድ ልብሱን ፈትተው ልጁን ለእናቴ አቀበሏት። እናቴ አንገቱን አሸተተችው፣ ከዚያ የአገሩን ቋንቋ የምታውቀው ይመስል፣ ለእያንዳንዱ እርግማን ራሷን እየነቀነቀች «ልክ ነዎት፣ ልክ ነዎት» ትላቸው ጀመር። ወደ መንደራቸው አብረን ሄድን፤ አባቴ ከሁለት ሳምንት በኋላ እዚያ ድረስ ጠይቆ ጠይቆ አገኘን።

ዛፎቹ ሐምራዊ አበባ ሲያወጡ ወደ ሰፈራችን ስንመለስ ብዙ ሐበሻ ለቅቆ ነበር። እናቴ ግን አዲስ በር አስገጠመች፣ ከፍርግርጉ ጀርባም ራሷ ቆመች። የአገሩን ሰላምታ ከጎጎ ተማረችና ሕግ አወጣች፤ ሰላም ያላለ ዳቦ አያገኝም። አንድ ቀን በሩን ሲገነጥል ጎጎ ያዩት ልጅ መጥቶ ዳቦ አለ። እናቴ ዳቦውን በእጇ ይዛ ጠበቀችው። መሬት መሬት አየ፣ ቆይቶ ሰላም አለ፣ ሰጠችው። ታክሲም በየሳምንቱ ትሳፈር ጀመር፣ በብርቱካን ትሳፈርና በ«ወራጅ አለ» ትወርዳለች፤ የሰፈሩ ሕፃናት ከሩቅ ሲያዩዋት «ወራጃለ» እያሉ ይከተሏት ነበር። አገራችን የተመለስነው ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ተኩል ቆይተን፣ አያቴ ሱቁን የሚይዝለት ሰው ሲፈልግ ነው። ሲያባርሩን አልወጣንም፤ ስንፈልግ ወጣን።

አሁን የአያቴን ሱቅ የያዘችው እናቴ ናት፤ ዕቃ ለማድረስ ወደ በደሳ ስትሄድ ትምህርት ከሌለኝ አብሬያት እሄዳለሁ። እዚህ ጣት አያስፈልገንም፣ ቋንቋም አልጎደለንም፤ ገበያ ላይ በኦሮምኛ ትከራከራለች፣ በአማርኛ ትቀልዳለች፣ ሲናደዱባት በስልጥኛ ታጉረመርማለች። ቢሆንም መንገዱ ጥሩ አይደለም በሚባልበት ሰሞን፣ ሚኒባስ ውስጥ አንዱ ዞር ብሎ «እናንተ ከየት ናችሁ?» ሲል፣ ለክፋትም ባይሆን፣ የእናቴ እጅ ቀስ ብሎ ወደ ጉንጯ ሲወጣ አያለሁ። እሷ አታውቀውም፤ እኔ ግን ጣቴ ሳላዘው እንደሚነሳ ሁሉ የእሷም መዳፍ እንደሚያስታውስ አውቃለሁ።

ባለፈው ቅዳሜም ከበደሳ ስንመለስ እንደዚያው ሆነ። እጇን ከጉንጯ አወረድኩና ጭኔ ላይ ይዤው «የጭሮ ነን» አልኩት ሰውየውን። ቤታችን አካባቢ ስንደርስ ሁለታችንም በአንድ ጊዜ «ወራጅ አለ!» ብለን ጮኽን።

ረዳቱ ጆሮውን ይዞ፣ «እትዬ፣ አንዳችሁ ብትናገሩ ይበቃ ነበር እኮ» አለ።

እናቴ ቦርሳዋን አንስታ እየወረደች፣ «አይበቃም» አለችው።