የአስማረ የስለት ጾም

ሦስት የንስሐ አባቶች ቀብሬአለሁ። ለሦስቱም ስንቱን ኃጢአቴን ስዘረግፍ ኖሬ ይህቺን አንዷን ግን እየዘለልኩ አለፍኳት። ሚስቴም አታውቃት። እናንተ አታውቁኝም፣ ቀኖናም አትሰጡኝም፤ አፌን የፈታው ምናልባት ይኸው ይሆናል።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔና አስማረ ቢቸና ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት እያስተማርን፣ አንዲት ክፍል ቤት ተከራይተን አብረን እንኖር ነበር። አስማረ ረጅም፣ ከሲታ፣ ሳቁ ከሰውነቱ የሚበልጥ ሰው ነው። ሽሮ ሲሠራ ጨው ያበዛና «ወንድ ልጅ ጨው ይወዳል፤ ብላ ዝም ብለህ» ይለኛል። የምንበላው በአንድ ሳህን ነው። መጨረሻ ላይ የምትቀረዋን ጉርሻ ሁልጊዜ ወደኔ በኩል ይገፋታል፤ እኔም ሁልጊዜ እበላታለሁ። እንዴት እንደምወደው ያኔ ነግሬው አላውቅም፤ በወንዶች ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር አይባልም።

አባቱ ቀጥቃጭ ነበሩ። በኛ አገር ያኔ ይህ ምን ማለት እንደነበር መናገር ያሳፍራል። ማረሻውን ከእጃቸው የሚቀበል ገበሬ አብሯቸው ማዕድ አይቆርስም፤ ልጁ ሲታመም ደግሞ «ቡዳ በላብኝ» ብሎ ወደነሱ ቤት ያያል። መንግሥት እንዲህ ያለውን ስድብ ከልክሏል፤ ሰዉም በስብሰባ ላይ አጨብጭቦ ቤቱ ሲገባ የድሮውን ይኖራል። እኔ ግን ከቀጥቃጭ ልጅ ጋር በአንድ ሳህን ስበላ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። በዚህም በልቤ እኮራ ነበር። ምን ያኮራል? ጓደኛዬ ነው፣ ራት ነው፣ በቃ።

አንድ ዓመት፣ ጥምቀት እንዳለፈ፣ በመንፈቁ እረፍት ሞጣ ላይ ለመምህራን የሦስት ቀን ሴሚናር እንዳዘጋጅ ታዘዝኩ። ጉዳዩ ልጆችን ሁሉ በእኩል ስለ ማስተማር ነበር፤ ሴቶቹን፣ የድሃ አደጎቹን፣ የሸክላ ሠሪና የቀጥቃጭ ልጆችን ከኋላ ወንበር አውጥቶ ከሌላው ጋር ስለ መቀላቀል። እኔ ከመፈክር ሌላ የማውቀው አልነበረኝም። ጽሑፉን የጻፈልኝ አስማረ ነው። ልጅ ሳለ ክፍል ውስጥ ብቻውን ይቀመጥባት ከነበረችው ድንጋይ ጀምሮ ጻፈው። ስሙን አላሰፈረም።

«አንተ አንብበው» አለኝ። «ከኔ አፍ ሲወጣ ስሞታ ይመስላል።»

ሞጣ ላይ ምሳችንን የቀበሌው ሴቶች ያበስሉልን ነበር። ከየትምህርት ቤቱ የመጣው ሰው እንዲተዋወቅ ብዬ ለየትሪው አምስት አምስት ሰው መደብኩና ዝርዝሩን አዳራሹ በር ላይ ለጠፍኩ። አስማረን ከራሴ ትሪ አደረግኩት። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ከነአስማረ አገር የመጣ አንድ መምህር ዝርዝሩን እያነበበ «ይኼ የቀጥቃጩ ልጅ አይደለም እንዴ?» ሲል ሰማሁት። ለነቀፋ ይሁን ለትውውቅ አላጣራሁም። እጃቸውን ቢሰበስቡስ? ከትሪው ቢነሱስ? አስማረ በሰው ፊት ቢዋረድስ?

ለሱ የተጨነቅኩ መስሎኝ ነበር። ውሸቴን ነው። የፈራሁት ሴሚናሬ እንዳይበላሽ ነው። የፈራሁት ሦስት ዓመት ከሱ ጋር የበላው እጄ እንዳይታወቅብኝ ነው።

ዝርዝሩን ነቅዬ ያለ ስሙ ደግሜ ጻፍኩት። ከዚያ ወደ አስማረ ሄድኩ። «የከሰዓቱ ጽሑፍ አልተባዛም፤ በምሳ ሰዓት ብትጨርስልኝ?» አልኩት።

«ምን ችግር አለ! ብቻ ሥጋ ከመጣ እንዳትረሳኝ» ብሎ ሳቀና ወደ ማባዣው ክፍል ገባ። ዳቦና ሻይ ላክሁለት። በሁለተኛውም ቀን እንዲሁ አደረግኩ። ሁለት ቀን ሙሉ ስለ እኩልነት ስናወራ ዋልን፤ ጽሑፉን ያመነጨው ሰው ከግድግዳው ማዶ ቆሞ የማባዣውን እጀታ ያዞር ነበር።

በሦስተኛውም ቀን አስማረን ማባዣው ክፍል ትቼ፣ ምሳ ቀርቦ እጃችንን ስንታጠብ፣ ከኛ ትሪ የተመደቡት መምህር ገሠሠ ቀና አሉ። በዕድሜ ሁላችንንም የሚበልጡ፣ ቅኔ ቤት ያደጉ ሰው ናቸው።

«ያ ወረቀት የሚያባዛው ልጅ ምሳ አይበላም እንዴ? ኸረ ነውር ነው! ተጠጉ፣ ተጠጉ፣ ቦታ ልቀቁለት። አንተ፣ ሂድ ጥራው!» አሉኝ።

ሰዎቹ ተጠጉ። ቦታ ተገኘ። ከአጠገባችን ያ የአስማረ አገር ሰው ነበር፤ አየኝና እጁን መታጠቡን ቀጠለ። አሥር እርምጃ ሄዶ መጥራት ብቻ ነበር የቀረኝ። ማን ከለከለኝ? ማንም። ግን አሁን ብጠራው ያለፉትን ሁለት ቀናት ምን ልላቸው ነው?

«ስለት አለበት፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማል» አልኩ።

«እግዚአብሔር ይቀበለው» አሉና ቆረሱ። እኔም ቆረስኩ። በላሁ፤ ደግሜም በላሁ።

ከሰዓት የአስማረን ጽሑፍ አነበብኩ። ድንጋይዋ ጋ ስደርስ መምህር ገሠሠ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ስጨርስ ተጨበጨበልኝ። አስማረ የተባዛውን ወረቀት ታቅፎ፣ እጁ እስከ አንጓው በቀለም ጠቁሮ ገባ። ሽማግሌው ተነሥተው ትከሻውን ያዙት።

«የኔ ልጅ፣ ስለት ይዘህ እንዲህ መድከምህ! ጾምህን ይቀበልልህ።»

አስማረ መጀመሪያ ሳቅ ሊል ነበር። ከዚያ ወደኔ ዞረ። አንድ ጊዜ ብቻ አየኝ፤ ሁሉም እንደገባው አወቅሁ። አንዲት ቃል ቢናገር ያን ያህል ሰው ፊት ባዶዬን ያስቀረኝ ነበር።

«አሜን፣ አባቴ» አለ።

ቢቸና እንደገባን ራት ሠራ። ሽሮው እንደ ወትሮው ጨው በዝቶበታል። ያቀረበው ግን በሁለት ሳህን ነበር።

«ምነው?» አልኩት።

«ቀለሙ ከእጄ አልለቅ ብሎ ነው» አለኝ።

ቀለሙ በሳምንቱ ለቀቀ። ሳህኖቹ ሁለት እንደሆኑ ቀሩ። አልተቆጣኝም፣ አላኮረፈኝም፤ ይቀልዳል፣ ይስቃል፣ ስታመምም አስታመመኝ። እኔም በየቀኑ ነገ እነግረዋለሁ እያልኩ ዓመት ሞላኝ፤ እሱም ወደ ደብረ ኤልያስ ተዛወረ።

ከብዙ ዘመን በኋላ ማረፉን ሰማሁና ለቅሶ ልደርስ እናቱ ቤት ሄድኩ። ስሜን ስነግራቸው እቅፍ አድርገው አለቀሱ።

«አንተ ነህ እንዴ! "በአንድ ሳህን የምንበላ ወንድም አለኝ" ይለኝ ነበር እስኪሞት ድረስ» አሉኝ።

ከዚያ ምግብ አቅርበው አብረውኝ ቆረሱ። መጨረሻ ላይ የቀረችውን ጉርሻ ወደኔ በኩል ገፏት፤ ልጃቸው ከማን እንደተማረው ያን ጊዜ አየሁ። በላኋት። ለሳቸውም አልተናገርኩም።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ ይቅር ማለት የሚችለው ሰው እናቱ ፊት እንኳ ሸፍኖኝ ሞቷል። ይህን ብቻ ያዙልኝ፦ አስማረ ስለት አልነበረበትም። ያስጾምኩት እኔ ነኝ።